የዐሥራ ሁለት ልጆች ዕቁብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.። በዚያ ቀን ጠዋት እህቴ ዋጋነሽ ወልደ አማኑኤል ለመጪው ክረምት የልጆች ዕቁብ የሚሆን ደንብ በደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ዐሥራ አንድ አንቀጽ ጨርሳለች። ዐሥራ ሁለተኛው «ዕጣ የወጣለት ልጅ ገንዘቡን የሚቀበለው» ይልና እዚያ ላይ ይቆማል። አራት ነጥብ የለውም፤ የተሰረዘ ቃልም የለም። ከማን እጅ፣ በማን ፊት እንደሚቀበል አልጻፈችም። ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለችው ሱቋ ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። የዕድሩ መዝገብ ዕድሜዋን 54 ብሎ ይዞት ነበር። በነሐሴ 1964 የተወለደ ሰው በኅዳር 2018 ሃምሳ ሦስት ነው። እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል።

ዋጋነሽ ስሟ ከሰፈር ያልወጣ ሰው ነበረች። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ትሸጥ ነበር። አላገባችም፤ አልወለደችም። የሦስት የነጋዴዎች ዕቁቦች ዳኛ ነበረች፤ ገንዘቡን የምትሰበስብ፣ ዕጣውን የምታወጣ፣ የዘገየውን የምትቀጣ እሷ ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ገንዘቤ ጎደለ ብሎ የከሰሳት ሰው የለም። ጨካኝ ናት የሚሏት ግን ብዙ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት ቤት በሦስተኛው ቀን ሄዳ «የሳምንቱን አልከፈልሽም» ብላታለች። ሴትየዋ ከፈለች። ዋጋነሽ ተቀበለች፣ ቆጠረች፣ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራት አለቀሰች። ሁልጊዜም ቅደም ተከተሏ ይኸው ነበር።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1982 መስከረም፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ የተቀቀለ ድንች እየሸጠች ዕቁብ ትጥል ነበር። ሐሳቧ ታይፕ ትምህርት ቤት መግባት ነበር። ዕጣው የወጣላት መስቀል ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው። መስቀል ለጉራጌ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ኮልፌ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለዚያ ቀን ነው፤ አገር ቤት ባዶ እጁን ከሚገባ ጭራሽ ባይገባ የሚመርጥ አባት ብዙ ነው። ዳኛው ገንዘቡን ዋሷ ለነበረው ለአባታችን ሰጠው። አባታችን የበሬ ድርሻውን ከፈለበት። እሷም ከዚያ ሥጋ በልታለች። እኔም በልቻለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታይፕ ሳትማር ቀረች።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገረሱ ሱቋ ድረስ መጡ።

«ዋጋነሽ፣ እነዚህ ልጆች አበዱብን» አሏት። «ሃያ ብር ያገኘ ሁሉ ሩጫው ወደ ቤቲንግ ቤት ነው። ትልቁን ሰው ተይው፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ! ክረምቱን ሰብስቢያቸውና ስለ ገንዘብ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ቆጥቡ በያቸዋ።»

«እርስዎ ቆጥብ ስለተባሉ ቆጥበው ያውቃሉ?»

«እኔማ ሚስቴ ናት የምትቆጥብብኝ» ብለው ሳቁ። የዕድሩን አዳራሽ ቁልፍ ጥለውላት ሄዱ።

ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ዐሥራ ሁለት ልጆች መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ለለቅሶ የሚወጡት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የተማርኩትም ሥራዬም እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩትን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኔ 28፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ስለ ቁጠባ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ወረቀት ሰጠችና አራት ጥያቄ አጻፈቻቸው። ምን ትፈልጋለህ? ስንት ነው? እስከ መቼ? ማን ይወስድብሃል?

ውዳሴ የምትባል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ስልክ» ብላ አነበበች።

«ስንት ነው?»

«እ... ብዙ ነው መሰለኝ።»

«ዋጋውን የማታውቂው ነገር ፍላጎት አይደለም፤ ወሬ ነው። ሂጂና ጠይቀሽ ነይ።»

«አሁን? እየዘነበ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«ሱቆቹ ውስጥ አይዘንብም።»

ልጅቷ ወጣች። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። ሦስት ሱቅ ጠይቃለች፤ የረከሰው ዐሥራ አራት ሺህ ነው። ሥራዋ ቅዳሜና እሑድ ለአክስቷ ሽንኩርት መላጥ ነበር። ዐሥራ አራት ሺሁን ለሳምንት ክፍያዋ ስታካፍል የሚወጣውን ቁጥር ዋጋነሽ በሁሉም ፊት ጮክ ብላ አስነበበቻት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ውዳሴ እንባዋን እየጠረገች «ስልክ» የሚለውን ሰርዛ «የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ 1,900» ብላ ጻፈች።

«አሁን ይገኛል» አለቻት ዋጋነሽ። ሌላ ማባበያ አልነበረም።

ቀጥሎ ኤባ ተነሣ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አፉ ፈጣን፣ እጁ ሥራ የማይመርጥ ልጅ። አጠና ተራ እንጨት ከመኪና ያወርዳል። የሚፈልገው የፀጉር መቁረጫ ማሽን ነው፤ 2,300 ብር። የሰፈሩን ሕፃናት ሁሉ በሠላሳ ብር ሊላጭ አስቧል። ለአራተኛው ጥያቄ «ራሴ» ብሎ ጽፏል።

«ራስህ ምን?»

«ማዘር፣ እኔ ከራሴ የባሰ ሌባ አላውቅም።»

ሳቁለት። ዋጋነሽ አልሳቀችም፤ «በደንብ መልሰሃል» አለችው።

ከሁሉም ኋላ ያነበበችው ሄቨን ነበረች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኩዮቿ ሁሉ ረዥም። አባቷ ሰብስቤ አጠና ተራ ውስጥ ባሕር ዛፍ ይሸጣል። ጥቁር ሰሌዳ አይታያትም ነበር። በየዓመቱ በቁመቷ ምክንያት ከኋላ ያስቀምጧታል፤ እሷም ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች። የሰፈሩን ሕፃናት ሹሩባ ትሠራለች፤ በራስ ሃምሳ ብር። ለዚያ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ጣቷ ያይላታል። ወረቀቷ ላይ «መነጽር፣ ከምርመራው ጋር 2,400፣ ትምህርት ሲከፈት» ይላል። ማዞሪያው ላይ ያለው መነጽር ቤት ገብታ ጠይቃለች፤ ቡናማ ፍሬም መርጣለች። አራተኛው ጥያቄ ሥር «ማንም» ብላለች።

«ማንም የሚባል መልስ የለም» አለቻት ዋጋነሽ።

«የሚወስድብኝ የለም፣ እትዬ።»

«አባትሽስ?»

ሄቨን ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ የሚነበብ ነገር ግን አልነበረም።

«አባቴ ሌባ አይደለም።»

«ሌባ አላልኩም። ማን ይወስድብሻል ነው ያልኩት። ጻፊ።»

ጻፈች። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ። «አባቴ» የሚለውን ጽፋ በሁለት መስመር ሰርዛዋለች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል።

ዕቁቡ በዚያው ቀን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን ሁለት መቶ ይዘው እንዲመጡ ቀድማ ነግራቸው ነበር። ዐሥራ ሁለት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ሁለት መቶ ብር፣ ዐሥራ ሁለት ሳምንት። በየሳምንቱ አንዱ ልጅ ዕጣ ይወጣለትና 2,400 ይወስዳል። የወሰደም ያልወሰደም እስከ መጨረሻው ይከፍላል። ሥራው የየራሳቸው ነው። ከወላጅ የተለመነ ገንዘብ እንደማትቀበል ነገረቻቸው፤ ከየት እንዳመጡት እየጠየቀች ነበር የምትቀበለው። መጨረሻው መስከረም 10 ላይ፣ ከመስቀል አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይውላል። ሁሉም የሰፈራችን ዕቁብ የሚያልቀው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ቀኑን ማንም ልብ አላለውም። እሷም አላለችም።

የመጀመሪያው ዕጣ ለኤባ ወጣ። ዋጋነሽ ገንዘቡን በእጁ ሰጠችው። እስከ ማክሰኞ ማሽን አልገዛም። ማክሰኞ ሁለት ሺህ አራት መቶውን አራት ሺህ ስምንት መቶ ሊያደርገው ቤቲንግ ቤት ገባ። ሲወጣ ታክሲ መሳፈሪያ አልነበረውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ አቆመችውና አስተረከችው። የትኛው ቡድን፣ በስንት ደቂቃ ጎል እንደገባበት፣ ገንዘቡ ሲያልቅ አጠገቡ ማን እንደነበረ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እናቱ ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ልጅ ነው፣ ማሪው» አለቻት። «ትልቁም ሰው ይሳሳታል።»

«ትልቁም ሰው ይከፍላል» አለች ዋጋነሽ። «ኤባ፣ ዐሥራ አንድ ሳምንት ይቀርሃል። ሁለት ሁለት መቶ።»

«ለበላሁት ነገር?»

«ለበላኸው ነገር።»

በዚያው ቀን፣ ዕጣው ሳይወጣ፣ ወላጆቹ ዕድሩ ጋ ተሰልፈው ጮኹ። ለሕፃን ልጅ ይህን ያህል ገንዘብ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው አሉ። ጋሽ ገረሱ መፍትሔ አመጡ፤ ከእንግዲህ ወላጅ ዋስ ይሁን፣ ገንዘቡም በወላጅ እጅ ይሰጥ፣ ወላጅ ይፈርም። በትልልቆቹ ዕቁብም ያለ ዋስ ፊርማ ገንዘብ አይወጣም፤ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዋጋነሽ በልጆቹ ድምፅ አሰጠችበት። ዐሥራ አንዱ እጃቸውን አወጡ። ሄቨን ቀድመው ካወጡት አንዷ ነበረች። ኤባ ብቻ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ።

ስንወጣ «አባቶቹስ?» ብዬ ጠየቅኋት። የ1982ቱን መስቀል ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል።

«ፊርማ አለ» አለችኝ።

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የልጁ ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ የወላጅ ፊርማ። ለልጁ ፊርማ ቦታ አልተውኩም።

ቀጣዮቹ ዐሥር ሳምንታት መልካም ሄዱ። ከዐሥሩ ወላጆች ስምንቱ ገንዘቡን እዚያው ለልጃቸው አስረከቡ፤ ሁለቱ ቤት ወስደው ሰጡ። ውዳሴ ቦርሳዋን በስድስተኛው ሳምንት ይዛ መጣች፤ የቀረውን አምስት መቶ ምን ልታደርገው እንደሆነ ለግማሽ ሰዓት ተከራከሩባት። በየሳምንቱ የወጪ ደብተራቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ። «ማስቲካ፣ አምስት ብር» ያለ ልጅ ለምን እንደገዛ ይጠየቃል፤ «አማረኝ» ካለ ያልፋል፤ «እንጃ» ካለ ቆሞ ይውላል። አንዱ ልጅ ደብተሩን ሞልቻለሁ ብሎ ሲዋሽ ተይዞ ለሦስት ቅዳሜ ስሙ «እንጃ» ሆኖ ቀረ። ዋጋነሽም በዚያው ስም ጠራችው። ኤባ በየቅዳሜው ትከሻው ላይ የእንጨት ቅርፊት እንደተለጠፈ ይመጣና ሁለት መቶውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። «የቤቲንግ ግብር» ይለዋል። አንድም ቀን አልቀረ።

ሄቨን ዕጣ አልወጣላትም። ዘጠነኛው አለፈ፣ ዐሥረኛው አለፈ። መነጽር ቤቱ እስከ መስከረም 10 ድረስ በድሮው ዋጋ እንደሚያቆይላት፣ ከዚያ 3,100 እንደሚሆን ነግሯታል። በመጨረሻ ስሟ ብቻ ቀረ። የመጨረሻው ሳምንት ዕጣ የለውም፤ ባለቤቱ ይታወቃል።

መስከረም 10 ቅዳሜ ሰብስቤ ኮቱን ለብሶ መጣ። ዋጋነሽ ዐሥራ ሁለት ባለ ሁለት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሰብስቤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቆጠረ።

«ሙሉ ነው። እግዜር ይስጥልን። እደጉ፣ ልጆች።»

«ሰብስቤ፣ መነጽር ቤቱ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው» አለችው።

«ይሁን።»

«ሰኞ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ይገባል።»

ሰብስቤ ዙሪያውን አየ። ልጆቹ ሁሉ እያዩት ነበር።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ ልጅቷ የኔ ናት አይደለችም?»

«ያንተ ናት።»

«እንግዲያው ቤታችን እንጨርሰዋለን። እናቴን ሁለት መስቀል አላየኋት። ክረምቱን አንድ መኪና አጠና አልሸጥኩም፤ ግንባታው ሁሉ ቆሟል። ባዶ እጄን ልግባባት? ከመስቀል መልስ ለልጄ መነጽር መግዛት አያቅተኝም።» ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። የሚናገረውን ያምነው ነበር።

ሄቨን ከአግዳሚው ተነሣች።

«አባዬ፣ አንዴ በእጄ ልያዘው።»

ሰብስቤ ሳቀና ሰጣት። እያንዳንዱን ብር ወደ ዓይኗ እያስጠጋች ቆጠረችው። ዐሥራ ሁለት ነው። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አባቷ እጁን ዘረጋ። ወደ ዋጋነሽ ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ ርቀት የእህቴን ፊት ለይታ እንዳላየችው አውቃለሁ፤ ዋጋነሽ ግን የልጅቷን ፊት አይታለች።

ሰብስቤ ገና አልፈረመም ነበር። ዋስ እስኪፈርም ድረስ ገንዘቡ የዕቁቡ ነው። ይህን ከእህቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ዳኛዋ «ዛሬ አይወጣም» ብትል ማንም አይከለክላትም። ወደ መነጽር ቤቱ አብራቸው ብትሄድም ማንም አይከለክላትም። ነገር ግን ዐሥር ወላጅ ፈርሞ ወስዷል፤ ለዐሥራ አንደኛው ሌላ ሕግ ማውጣት በሃያ ሁለት ዓመት ያላደረገችው ነገር ነው። እኔም አፍ ነበረኝ።

ሄቨን ብሩን ለአባቷ መለሰች።

«እዚህ ላይ ፈርም» አለችው ዋጋነሽ።

ፈረመ። ኤባ ከኋላ ሆኖ «ሄቭ፣ አይዞሽ» አለ፤ «እኔ በቤቲንግ፣ አንቺ በፋዘር፤ እኩል ነን።» ልጆቹ ሳቁ። ሄቨንም ሳቀች፤ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ አውጥታ።

ቤተሰቡ መስከረም 14 አገር ቤት ገባ። ሥጋው ጥሩ እንደነበር፣ አያትየዋም ልጃቸውን አቅፈው እንዳለቀሱ ሰምቻለሁ። ዕድሩ ለዋጋነሽ የምስጋና ወረቀት ሰጣት፤ ጋሽ ገረሱ በሚመጣው ክረምት ሃያ አራት ልጅ ይሁን፣ ደንቡንም ጻፊው አሏት። ወላጆቹ ሁሉ አመሰገኑ። ሰብስቤም አጨብጭቧል።

ጥቅምት 8 ቀን አጠና ተራ ድረስ ሄደችበት። እኔ አልነበርኩም፤ የተባባሉትን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ቃል አትጨምርም።

«ከመስቀል መልስ ብለህ ነበር።»

«እትዬ፣ መስቀል በየዓመቱ ነው፤ መልሱም በየዓመቱ ነው» አላት፤ እንጨት ላይ የተቀመጡት ጓደኞቹ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለኝ ብዬ ነው የምደብቅዎት? የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ። ፊርማዬ እርስዎ ጋ አለ፤ ይክሰሱኝ።»

«የፈረምከው መቀበልህን ነው። መመለስህን አይልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ምን እንደሚያደርግ አልነገረችውም። ቅጹ ላይ ስላልነበረ።

ከሳምንት በኋላ ሄቨን ባለ ካሬ ደብተር ልትገዛ ሱቋ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ቀራንዮ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከሃያው ነጥብ አራቱን ብቻ አግኝታለች፤ ጥያቄዎቹ ሰሌዳ ላይ ስለተጻፉ 8 የሚለውን ቁጥር ሁሉ 3 አድርጋ ገልብጣዋለች። የሠራችው ስሌት በራሷ ቁጥር ልክ ነበር። ዋጋነሽ ደብተሩን አወረደችና አጠገቡ 3,100 ብር አስቀመጠች።

«ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የመነጽርሽ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከኔ።»

ልጅቷ ብሩን አልነካችውም። «ከወላጅ የተለመነ አልቀበልም ብለው አልነበር? ከሰውማ የተለመነ እንዴት ይሆናል?»

«አልለመንሽም። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

«ይሄ የእርስዎ ነው። የኔን አስፈርመው ሰጥተውታል» አለቻት። ከዚያም፣ ለመሳደብ ሳይሆን በእውነት እንደምትጠይቅ ሆና፣ «አራተኛው ጥያቄ ላይ የእርስዎን ስም መጻፍ ነበረብኝ?»

ሄቨን የደብተሩን ዘጠና ብር ከፈለች። ከመቶው ዐሥር ብር መልስ ጠብቃ ተቀበለች፤ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው፤ ወጣች።

በቀጣዮቹ ቀናት እህቴ ሱቋን በሰዓቱ ትከፍታለች፤ በሰዓቱ ትዘጋለች። አንድ ቀን «የሠራሁት ስሕተት የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መዝገቡ ንጹሕ እንደሆነ ነገርኳት። እውነቴን ነበር። ከሞተች ጀምሮ የማስበው ያንን መልሴን ነው።

ኅዳር 2 ጠዋት ደንቡን ትታ ተነሣች። ሱቁን ጎረቤቷ ሰርኬ እንድታይላት ነገረቻት፤ «ወዴት ነሽ?» ስትላት «ቀራንዮ፤ አልቆይም» አለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ከቀብሩ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ጠይቄ ያገኘሁት ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው ባጫ አስቆማት።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«የዘጠነኛ ቢ ክፍል ኃላፊን።»

«ለየትኛው ተማሪ? ምኑ ነዎት?»

«ለሄቨን ሰብስቤ። የዕቁቧ ዳኛ ነኝ።»

ባጫ ሳቀ። «ዕቁቡን ልትበላ ነው እንዴ ልጅቷ? ከዚህ አታመልጥም፣ ግንቡ ረዥም ነው።»

«ከፍላ ጨርሳለች» አለችው። አስገባት።

የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ኢሊሊ ከክፍለ ጊዜ ወጥታ መተላለፊያው ላይ አነጋገረቻት። ዋጋነሽ ልጅቷ ከኋላ ሆና ሰሌዳ እንደማይታያት ነገረቻት፤ ወደ ፊት እንድታመጣት ለመነቻት።

«መነጽር ለምን አትገዙላትም?» አለቻት መምህርቷ።

«አሁን አይሆንም።»

«የፊተኛው ረድፍ ሙሉ ነው፣ እናቴ። ደግሞ ርዝመቷን ያዩታል፤ ስልሳ ሦስት ተማሪ ነው ያለኝ፤ ፊት ባስቀምጣት ኋላ ያሉት በምን ያያሉ?»

«ጥግ ላይ አድርጊያት። ግድግዳው ጋ።»

መምህርቷ አሰበች። ገብታ አንዱን ልጅ አስነሣችና ሄቨንን ከሰባተኛው ረድፍ ወደ ሁለተኛው፣ ግድግዳው ጥግ አዛወረቻት። ልጅቷ ማን እንዳስቀየራት አልተነገራትም። መምህርቷ ተመልሳ ወጣች።

«ከዚያ ይታያታል?» አለች ዋጋነሽ።

«በደንብ እንኳ አይታያትም። ከሰባተኛው ይሻላል።»

«እሺ» አለች። አመስግና ወደ በሩ ሄደች።

የበሩን መዝገብ አይቻለሁ። ስሟ በትክክል ተጽፏል። የመጣችበት ጉዳይ፦ ቦታ ማስቀየር። ዝምድና በሚለው ሥር ባጫ «አክስት» ብሎ ጽፏል፤ ይህ ልክ አይደለም። የገባችበት ሰዓት 3፡50። የወጣችበት ሰዓት 4፡25።